ከፒያሳ እስከ እንጦጦ በጀርባ ሸክም፦ ስለ ረጅም የእግር ጉዞ አንድ ቀን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመሀል አዲስ አበባ እየኖሩ ለብዙ ቀናት የተራራ ጉዞ መዘጋጀት የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡአቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

የረጅም ርቀት የእግር ጉዞ ምን ዓይነት ጉዞ ነው? በአንድ ቀንስ ምን ልማርበት እችላለሁ?

ተጓዡ የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና የሚለብሰውን ይዞ ለተከታታይ ቀናት በእግሩ የሚሄድበት ጉዞ ነው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ያለው የአፓላቺያን መንገድ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከዳር እስከ ዳር የሚሄዱበት ሰዎችም ወራት ይፈጅባቸዋል። በአገራችን ብዙ ተጓዥ የሚመኘው ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ በኩል ወደ ራስ ደጀን የሚያደርሰውን የስሜን ተራሮች መንገድ ነው።

መንገዱ ምንም ያህል ቢረዝም ተጓዡ የሚገጥመው በየዕለቱ አንድ ቀን ነው፤ በዚያም ቀን የሚያዝዙት ሸክምና ሰዓት ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ለመልመድ ደባርቅ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የተሞላ ቦርሳ አዝሎ ከፒያሳ እንጦጦ ወጥቶ መመለስ ይበቃል።

መንገዱ በየት በየት ያልፋል? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ፣ ከዚያም ወደ ስድስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አጠገብ አልፎ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ በጠመዝማዛው ዳገት ወደ እንጦጦ ማርያም ያደርሳል። ርቀቱ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ መነሻው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ፣ መድረሻው ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ተጓዡ ቢያንስ 600 ሜትር ወደ ላይ ይወጣል። እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ለእግር ማሟሟቂያ ነው፤ እውነተኛው ዳገት የሚጀምረው የሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ሱቆች ካለቁ በኋላ ነው።

ሰዓቱን አስቀድሞ ለመገመት ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ስሌት እስካሁን ያገለግላል። በስሌቱ መሠረት ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ይያዝና ለየ600 ሜትሩ አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። በዚህ ሂሳብ ከፒያሳ እንጦጦ ማርያም ሁለት ሰዓት ተኩል ትንሽ ቢያልፍ ነው። ነገር ግን ስሌቱ ዕረፍትን አይቆጥርም፤ ተጓዡም ጠንካራ እንደሆነ አድርጎ ይነሣል። ስለዚህ ቦርሳ ያዘለ ጀማሪ ለመውጫው ብቻ ሦስት ሰዓት ተኩል ቢይዝ ይሻላል። ከላይ ደርሶ በጉብታው ላይ ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጥቂት የሚዘዋወር፣ ምሳ የሚበላና በዚያው መንገድ የሚመለስ ሰው ሙሉ ቀን መያዝ ይኖርበታል።

በየትኛው ወር፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ልሂድ?

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያሉት ወራት ይመረጣሉ፤ መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በየካቲትና በመጋቢት አቧራው ይበዛል፤ የበልግ ዝናብም ሊመጣ ይችላል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ግን ጭቃው ያንሸራትታል፣ ከቀትር በኋላም ነጎድጓድ ይበዛል።

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜም ትጠልቃለች። የቀን ብርሃን አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በአውሮፓ በጋ እንደሚሄዱ ሰዎች «ገና ብርሃን ነው» እያሉ ማምሸት አይቻልም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከፒያሳ የተነሣ ሰው ከቀትር በፊት ከላይ ይደርሳል፣ ምሳውን ተረጋግቶ ይበላል፣ 11 ሰዓት ሳይሆንም ሽሮ ሜዳ ይመለሳል። ከቤት ሳይወጡ «የትም ብደርስ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፊቴን ወደ ቤት አዞራለሁ» ብሎ መቁረጥ ጥሩ ነው፤ በዳገት መሀል ሆኖ የሚወሰን ውሳኔ ሁልጊዜ «ትንሽ ብቻ ቀረ» ወደሚለው ያደላልና።

ቦርሳዬ ስንት ኪሎ ይመዝን? ዕቃውስ እንዴት ይደረደራል?

በተለምዶ ለአንድ ቀን ጉዞ የሰውነትን ክብደት አንድ ዐሥረኛ፣ ለብዙ ቀን ጉዞ ደግሞ ከአንድ አምስተኛ ያልበለጠ መሸከም ይመከራል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በመጀመሪያው ቀን 6 ኪሎ፣ ከጥቂት ሳምንታት ልምምድ በኋላ እስከ 12 ኪሎ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ለልምምድ ክብደት የሚጨምሩበት ምቹው ነገር ውሃ ነው፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ከደከሙም ቁልቁል ከመጀመርዎ በፊት ደፍተው ማቅለል ይችላሉ። ድንጋይ ሞልተው የሚመጡ ወጣቶች አጋጥመውኛል፤ ድንጋይ ጀርባን ከመውጋቱ በላይ አይጠጣም።

ከባዱ ዕቃ ከቦርሳው ወገብ በላይ፣ ለጀርባ በጣም ቀርቦ ይቀመጣል፤ ቀላሉና ለስላሳው ከታች፣ ቶሎ የሚፈለገው የዝናብ ልብስ ከላይ ይሆናል። ከባዱ ዕቃ ወደ ውጭ ከራቀ ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ተሸካሚውም ያለ ዕረፍት ወደ ፊት ሲያጎነብስ ይውላል። የወገብ ቀበቶ ያለው ቦርሳ የሚመረጠው አብዛኛውን ክብደት ከትከሻ ወደ ዳሌ ስለሚያወርደው ነው፤ ስለዚህ ቀበቶው በሆድ ላይ ሳይሆን በዳሌ አጥንት ላይ መታሰር አለበት። ከመርካቶ በርካሽ የገዛሁት የመጀመሪያ ቦርሳዬ ማንገቻው ገና ስድስት ኪሎ ሳልደርስ ተበጥሷል። ከዚያ ወዲህ ቦርሳ ስገዛ መጀመሪያ የማየው የማንገቻውን ስፌት ነው፤ ሻጩ ከፈቀደም እዚያው ዕቃ ሞልቼ ጥቂት እራመዳለሁ።

እንጦጦን በሸክም ከማንም በላይ የሚያውቁት ግን የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በገመድ አስረው፣ ወገባቸው ጎብጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱት እናቶች ናቸው። በቁልቁለቱ ሲያጋጥሙ መንገድ ለቆ ዳር መያዝ የተጓዥ ግዴታ ነው፤ ያን ሸክም አቁሞ እንደገና መነሣት ቀላል አይደለምና።

አዲስ ጫማ ገዝቼ ልሂድ?

አዲስ ጫማ ከተገዛ በመጀመሪያ በከተማ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ይለመድ። ለእንጦጦ መንገድ ሶሉ የሚይዝና ጣትን የማያጣብቅ የሩጫ ጫማ ይበቃል፤ እግር በቀኑ ውስጥ ስለሚያብጥና በቁልቁለት ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ከጣት ጫፍ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ካልሲው ከጥጥ ይልቅ ሱፍ ወይም ላብ ቶሎ የሚያደርቅ ቢሆን ይመረጣል። ቆዳው ማቃጠል እንደጀመረ፣ ውሃ ሳይቋጥር፣ ወዲያውኑ ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ያስፈልጋል፤ «ሽሮ ሜዳ ስደርስ» ብሎ ማዘግየት የሳምንት ማነከስ ያመጣል።

ለብርዱ ጋቢ ይበቃኛል?

ጋቢ ለቤትና ለእሳት ዳር የሚመች ልብስ ነው፤ ለጉዞ ግን አይመከርም። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ላብም ዝናብም ይጠጣል፣ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ሙቀትም መያዙን ያቆማል። ሱፍ ግን ረጥቦም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል፤ የመንዝ ሰዎች የበግ ሱፍ ፈትለው ባና እና ዝተት የሚሠሩት፣ ደገኛውም በርኖስ የሚደርበው በከንቱ አይደለም። ለዛሬ ተጓዥ አንድ ስስ ሹራብ፣ በላዩ አንድ ወፍራም ሹራብና ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ጃኬት ይበቃሉ። ሲወጡ አውልቆ፣ ቆም ሲሉ ወዲያው መደረብ ነው።

የአየር ሙቀት በየ100 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ ግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እንጦጦ ከፒያሳ በሦስት ወይም በአራት ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ሲጨመርበትም ከዚያ የባሰ ይመስላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት በእንጦጦ ማርያም ቢሆንም፣ መንደራቸው ቀስ በቀስ ወደ ፍልውሃ ወርዶ አዲስ አበባ የሆነበት አንዱ ምክንያት የተራራው ብርድ ነበር። ኮፍያም ያስፈልጋል፤ በከፍታ ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም የፀሐይዋ ጨረር ይበረታል።

ምን ምግብ ልያዝ? ማብሰያ ያስፈልገኛል?

ለአንድ ቀን ማብሰያ አያስፈልግም። የውጭ ተጓዦች በውድ የሚገዙት ቀላል፣ ደረቅና ኃይል ሰጪ ምግብ በእኛ ጓዳ ከጥንት ጀምሮ አለ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ጩኮ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ሁሉም ለመንገደኛ የተበጁ ናቸው። መቶ ግራም የገብስ ዱቄት 350 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ በሶም ከዚያ ብዙ አይርቅም፣ በቀዝቃዛ ውሃም ይበጠበጣል። ጩኮ ቅቤ ስላለበት ከዚህ ይበልጣል። ድርቆሽ ግን ቀላል ቢሆንም ቦታ ይይዛል፤ ከቦርሳው አናት ካልሆነም ተፈርፍሮ ዱቄት ይሆናል።

ምሳን አንድ ጊዜ ጠግቦ ከመብላት ይልቅ በየሰዓቱ እፍኝ ቆሎ መያዝ ይሻላል፤ የጠገበ ሆድ ዳገት አይወጣም። በጫካው ውስጥ እሳት ማንደድ ፈጽሞ አይገባም፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ደረቁ ቅጠል በቀላሉ ይያያዛል።

ውሃ ምን ያህል ልያዝ? ከምንጭ መጠጣትስ ይቻላል?

ለእንጦጦ ቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ይያዝ። ከስድስት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ ሱቆች ስላሉ ከቤት አንድ ሊትር ይዞ ወጥቶ ሌላውን ዳገቱ ሥር መግዛት ሸክም ይቀንሳል፤ ልምምዱ ስለ ሸክም ከሆነ ግን ሁሉንም ከቤት መያዝ ነው።

የምንጭና የወንዝ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ሳይታከም አይጠጣ። ማፍላት አስተማማኝ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን መድኃኒት በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን ተጨምሮ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፤ የደፈረሰ ውሃ ከሆነ አስቀድሞ በጨርቅ ይጠለል። በእንጦጦ የሚገኘው ጸበል ግን ለምእመናን የፈውስ ሥፍራ ነውና የተጓዥ ጠርሙስ መሙያ ወይም የእግር መታጠቢያ አይደለም።

መጸዳጃ ባጣስ?

ከመንገድና ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ነው። ወረቀቱን በፌስታል ይዞ መመለስ ይገባል።

በጾም ቀን መሄድ እችላለሁ?

የሚበላው የጾም ምግብ መሆኑ ችግር የለውም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ለውዝና ቴምር ከቅቤና ከቋንጣ ቢያንሱ እንጂ ቀኑን አያጎድሉም። የሚያስቸግረው ሰዓት ጠብቆ ሳይበሉና ሳይጠጡ መዋሉ ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሸክም ይዞ 600 ሜትር ቢወጣ ውሃ ማጣት ይይዘዋል፤ የራስ ምታቱም ከከፍታ ሕመም ጋር ስለሚምታታ መለየት ይከብዳል።

ለኦርቶዶክሳውያን መፍትሔው ቅርብ ነው፤ ከቀዳም ሥዑር በቀር ቅዳሜና እሑድ የሰዓት ጾም ስለሌለባቸው የጉዞው ቀን ወደዚያ ይዞር። በረመዳን የሚጾሙ ሙስሊሞች ግን ከውሃም ስለሚታቀቡ የሸክሙን ልምምድ ከኢድ በኋላ ማድረግ ይሻላቸዋል፤ እስከዚያ ከማፍጠሪያ በፊት ባለው ሰዓት በሜዳ ላይ ያለ ቦርሳ ትንሽ መራመድ በቂ ነው።

ብቻዬን ብሄድ ምን አለበት?

እስከ ሽሮ ሜዳ ሰው የበዛበት ጎዳና ስለሆነ ብዙም አያሳስብም። ከዚያ በላይ ግን ቢያንስ ሦስት ሆኖ መሄድ ይመከራል፤ አንዱ እግሩ ቢዞር ሁለተኛው አጠገቡ ይቆያል፣ ሦስተኛው ርዳታ ይጠራል። በጫካ ውስጥ ባሉ አቋራጮች ንጥቂያ ሊያጋጥም ስለሚችል ሴትም ወንድም ብቻውን አይግባ፤ ስልክም በእጅ አይያዝ። ማለዳ ሯጮች የሚበዙበትን ሰዓት መጠቀም ጥሩ ነው፤ አትሌቶቻችን የሚለማመዱበት ተራራ በመሆኑ በጠዋት ሰው አይጠፋም።

መንገዱንና የመመለሻውን ሰዓት ለቤተሰብ ነግሮ መውጣትን እንደ ፈሪ ሥራ የሚቆጥሩ አሉ፤ ፍለጋ የሚጀመረው ግን ከዚያ መረጃ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 መሆናቸውን በስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም መያዝ ይገባል፤ ብርድ የስልክ ባትሪ ቶሎ ያደክማልና።

ነጎድጓድ በመንገድ ላይ ቢይዘኝስ?

መብረቁ በታየና ድምፁ በተሰማ መካከል ያለው ጊዜ ከ30 ሰኮንድ ካነሰ አደጋው ቀርቧል። ከጉብታው ራስ ወዲያውኑ መውረድ፣ ለብቻው ከቆመ ረጅም ዛፍ መራቅ፣ የሚቻል ከሆነ በመኪና ወይም በታነፀ ቤት ውስጥ መጠለል ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይቆዩ ጉዞ አይቀጠልም። ቦርሳን በዛፍ ሥር ጥሎ እዚያው ተጠግቶ መጠለል በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

ስወጣ ደህና ነበርኩ፤ ስወርድ ጉልበቴ ለምን ታመመ?

ምክንያቱም መውጣት ትንፋሽን፣ መውረድ ደግሞ ጡንቻን ይፈትናል። በቁልቁለት የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደቱን ስለሚገታ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል፤ ሕመሙም በዕለቱ ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይበረታል። ቅዳሜ ወጥተው ሰኞ የቢሮ ደረጃ መውረድ ያቃታቸው ሰዎች ታመው ሳይሆን ይህ ደርሶባቸው ነው።

እርምጃን ማሳጠር፣ ጉልበትን በጥቂቱ አጥፎ መውረድና ዱላ መያዝ በጣም ይረዳሉ። አባቶቻችን ዱላ ሳይዙ መንገድ የማይወጡት ለውሻ ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከላይ በታክሲ ወርዶ መመለስ አያሳፍርም፤ ነገር ግን ለስሜን የሚዘጋጅ ሰው ቁልቁሉን ካልለመደ ዳገቱን ብቻ መልመዱ ዋጋ የለውም። ሕመሙ በጡንቻው ሳይሆን በመገጣጠሚያው ውስጥ ከሆነና እብጠት ካለው ግን ሐኪም ይየው።

አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ከፍታ ያመኛል?

በእንጦጦ ላይ የመታመም ዕድሉ ትንሽ ነው፤ የከተማው ነዋሪ ሰውነት 2,400 ሜትር ለምዷል። በ3,000 ሜትር የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሰባ በመቶ ያህል ስለሆነ ትንፋሽ ማጠር ግን ያጋጥማል። ከድሬዳዋ ትናንት ማታ የመጣን ዘመድ ዛሬ ጠዋት ቦርሳ አሸክሞ ማውጣት ሌላ ነገር ነው፤ እንግዳው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይረፍ።

በስሜን ያለው ሁኔታ ይለያል። ደባርቅ 2,850 ሜትር፣ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ናቸው፤ ቧሂት ከ4,400፣ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ያልፋሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ ይመከራል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከመጡ ካሉበት በላይ አለመውጣት፣ ካልተሻለ መውረድ ነው። ተጓዡ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተደነባበረ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ይወርዳል። «እኔ ደገኛ ነኝ» የሚለው ኩራት መድኃኒት አይሆንም።

ለልምምድ እንጦጦ ላይ ድንኳን ተክዬ ባድርስ?

በጫካው ውስጥ እንዳሻ ድንኳን መትከል አይመከርም፤ ሌሊት ጅብ አለ፣ የሰው ሥጋትም አለ፣ ጥበቃዎችም ይጠይቃሉ። የብዙ ቀን ጉዞ የሚያስቸግረው ግን ድንኳኑ ሳይሆን ሁለተኛው ጠዋት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ሄደው ተመልሰው በቤትዎ ያድሩ፤ እሑድ ጠዋት ያንኑ ቦርሳ፣ በዚያው ክብደት፣ በዛለ እግር እንደገና ይሸከሙ። በመጀመሪያው ቀን ያልታየ የቦርሳ፣ የጫማና የካልሲ ጉድለት ሁሉ በሁለተኛው ቀን ይገለጣል።

ለስሜን ዝግጁ መሆኔን በምን አውቃለሁ? ሸክሙን በቅሎ ከያዘችውስ ይህ ሁሉ ለምን?

በስሜን ብዙ ተጓዦች በቅሎና ነጂ ስለሚከራዩ ድንኳኑና ምግቡ በጀርባ አይያዝም። ነገር ግን በቅሎዋ በሌላ መንገድ ቀድማ ልትሄድ ትችላለች፤ ደመና ሲወርድና ብርድ ሲመጣ ተጓዡ ያለው በጀርባው ያለው ብቻ ነው። ውሃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ምግብ፣ ባትሪና የመጀመሪያ ርዳታ ዕቃ ተደምረው ከ5 እስከ 7 ኪሎ ይሆናሉ፤ እነዚህ ከትከሻ አይወርዱም።

ከሳንቃበር ግጭ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት፣ ከግጭ በእመት ጎጎ በኩል ጨነቅ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። 7 ኪሎ ይዞ ቅዳሜና እሑድ በተከታታይ ከፒያሳ እንጦጦ ደርሶ የተመለሰ፣ ሰኞ ጠዋት የደረጃውን መደገፊያ ሳይዝ የወረደ ሰው እነዚህን ቀናት ይችላቸዋል። ከመነሣቱ በፊት ግን በአማራ ክልል ያለውን የጸጥታ ሁኔታና የመንገዱን ክፍት መሆን በደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ማጣራት አለበት፤ የመግቢያ ክፍያና ታጣቂ አጃቢም የሚያዘው እዚያው ነው። በአውሮፕላን ወደ ጎንደር የሚሄድ ከሆነ የምግብ ማብሰያ ጋዝ መያዝ ስለማይፈቀድ ሳይበስል የሚበላውን ከቤት ያዘጋጅ፤ በሶውን ከአዲስ አበባ ቢይዝ ይበቃዋል።